ሰያፉ ሜዳ

ኖራ እጅ ይበላል። ቤት ያሠራ፣ ግድግዳ የቀባ፣ ግንበኛ አጠገብ ቆሞ ያወራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔ ያወቅሁት በ34 ዓመቴ ነው፤ በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ፣ 7 ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ አስተምሬ፣ የአንድ ሰፈር ስፖርትና መዝናኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ ሆኜ በተቀጠርኩ በስድስተኛው ቀን። ያውም ጣቶቼ ከተላጡ በኋላ። ነገሩ ግን ከኖራው አይጀምርም። ቡናው እስኪፈላ ታገሡኝና ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ይህን ሥራ ለምን እንደፈለግሁት የማይጠይቀኝ የለም። እናቴ እንኳ "መምህርነቱ ምን አለህ?" ብላኛለች። ምንም አላለኝም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነበረው፤ ኳስም ነበረው። ኳሶቹ ያሉበት ክፍል ቁልፍ ግን የሚገኘው በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ልጆቹን አሰልፌ "ዛሬም ሩጫ ነው" ስላቸው ትከሻቸው ሲወርድ ይታየኛል። አንድ ቀን አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ኳሶቹ ግን አሉ?" አለችኝ። አሉ አልኳት። "አይተዋቸዋል?" አለችኝ። ለካ እኔም ካየኋቸው ወራት አልፈዋል። ይህች ጥያቄ ከዚያ ወዲያ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ከዚያ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. መጣ። ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበት ቀን ነው፤ መቼም አትረሱትም። እኛ ሰፈር ካፌው ሞልቶ ቆመን ነው ያየነው። ጮኽን፤ ተቃቀፍን፤ የማላውቀው ሰው ማኪያቶውን ትከሻዬ ላይ ደፋብኝና እሱም እኔም አልታወቀንም። ጨዋታው የሜዳችን ጨዋታ ነበር። የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ካፍ የሚጠይቀውን የመልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ ሣርና የተመልካች ወንበር ያሟላ ስታዲየም አገራችን ውስጥ ስላልተገኘ፣ ልጆቻችን ባለሜዳ ተብለው በሰው አገር ተጫወቱ። በዚያው ዓመት ኅዳር ጋናንም "በሜዳችን" የተቀበልናት ደቡብ አፍሪካ ሄደን ነበር።

ቤት ስገባ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ሬዲዮውን ታቅፎ ተቀምጧል። ጎሎቹን ሰምቷል። "የት ነው የተጫወቱት?" አለኝ። ነገርኩት። አባቴ በ1954 ዓ.ም. ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ስታዲየም አጥር ዘሎ ገብቷል። ያኔ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል በዓይኑ አይቷል። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ መቶ ጊዜ ነግሮኛል። ያን ማታ ግን ስለ ጎሎቹ ምንም አላነሳም። "ያኔ እኮ እነሱ ናቸው እኛ ጋ የመጡት" አለና ሬዲዮውን ዘጋው።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተጫዋች አልሆንም፤ ጉልበቴ በ22 ዓመቴ ነው የተሰናበተኝ። አሠልጣኝነትም ልቤን አልሳበው። ሣር የሚያጠጣ፣ የተቃጠለ አምፖል የሚቀይር፣ ጎል የሚያስበይድ፣ ቁልፉን ይዞ በሰዓቱ የሚከፍት ሰው መሆን አማረኝ። አማረኝ ስላችሁ፣ የጾም ቀን ቁርጥ እንደሚያምረው ነው።

የሥራ ማስታወቂያው የተለጠፈው ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ራቅ ብሎ ካለ ማዕከል በር ላይ ነው። አንድ የኳስ ሜዳ፣ አንድ የመረብ ኳስና የቅርጫት ኳስ መጫወቻ ኮንክሪት፣ ጂም፣ ሁለት ፑል፣ ሦስት ጆተኒ፣ ስድስት ሻወር (የሚሠሩት አራቱ)፣ አንድ ካፌ። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ስለ ዕቅድ፣ ስለ በጀትና ስለ ሪፖርት አቀራረብ ጠየቁኝና ሁሉንም እንደ ዳዊት ደገምኩላቸው። ሦስተኛዋ፣ ጸጉራቸውን በሻሽ ያሠሩ፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ የቆዩ እናት ናቸው።

"ጠዋት ግቢ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"የዕለቱን ዕቅድ" አልኩ።

"ሽንት ቤቱን እይ" አሉኝ። "ሽንት ቤቱ ካላማረ እናት ልጇን አትልክም። ሴት ልጅማ አንድ ቀን ትመጣለች፤ ሁለተኛ አታያትም።"

ቤት ሄጄ የዩኒቨርሲቲ ደብተሮቼን ገለበጥኩ፤ ይህን የሚል አንድም ገጽ አጣሁ። ቢሆንም ተቀጠርኩ፤ "ሰኞ ጀምር፤ የሙከራ ጊዜህ 60 የሥራ ቀን ነው" ተባልኩ። የሙከራ ጊዜ ሲባል ልክ እንደ መስታወት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያይህ ይመስልሃል።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየማለዳው መጀመሪያ ሽንት ቤቱን አየሁ። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ስለሆነ፣ ሮቶው የሚሞላው የግቢው ጥበቃ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ሲከፍቱት ብቻ መሆኑን ተረዳሁ። እኚህ ሰው ጥበቃም፣ አትክልተኛም፣ ሜዳ ጠባቂም ናቸው። ወደ ሰባ ይጠጋሉ፤ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ነው ያሳለፉት። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "ማናጀር" እያሉ አንቱ ይሉኛል። ልጃቸው ልሆን እችላለሁ፤ "ኧረ አንተ ይበሉኝ" ብላቸውም "ሥራ ሥራ ነው" ብለው እንቢ አሉ።

የሜዳ ተራ መመዝገቢያውንም ያገኘሁት በዚያ ሳምንት ነው። ትልቅ ባለመስመር መዝገብ ነው፤ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚጫወት ይጻፍበታል። ሳገላብጠው አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የጤና ቡድኑ ሰዓት በእስክሪብቶ ነው። የጂም አባላቱም በእስክሪብቶ። ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ያለው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ግን በእርሳስ ነው የተጻፈው። ስብሰባ ሲኖር ይጠፋል፤ የጆተኒ ውድድር ሲኖር ይጠፋል፤ ተመልሶ ይጻፋል፤ እንደገና ይጠፋል። ቦታው ላይ ወረቀቱ ከመፋቁ የተነሣ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ለምን በእርሳስ እንደሆነ ገንዘብ ተቀባይዋን ስጠይቃት "ሊቀየር ስለሚችል ነዋ" አለችኝ፤ ክፋት አልነበራትም፤ እሷም ያገኘችው እንዲሁ ነው። ንድድ አለኝ። እስክሪብቶ አነሣሁ። አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ "እሑድን ልለፍ" ብዬ። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ከኖራው ይልቅ ይህ ነው።

እሑድ ትልቅ ቀን ነበር። የእኛ ሰፈር ጤና ቡድን ከሌላ ሰፈር ጤና ቡድን ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በፊት ታዳጊዎች ይጫወታሉ፤ የቀጠሩኝ ሦስቱም ሰዎች ይገኛሉ። ጤና ቡድን ማለት መቼም ታውቃላችሁ፤ በሳምንቱ ውስጥ ስኳርና ደም ግፊት ሲያወራ የሚከርም ጎልማሳ ሁሉ እሑድ ማልያ ለብሶ ሐኪሙን የሚረሳበት ነው። ሜዳው ግን ክረምቱ አጥቦት መስመር የሚባል ነገር አልነበረውም። ስለዚህ የእኔ ጉዳይ ቀላል ነበር፤ መስመር የሚያሰምሩበትን ነገር ገዝቼ ማስመር።

ዓርብ መርካቶ ሄድኩ። የሻጩ ልጅ ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። "ለኳስ ሜዳ መስመር" አልኩት። "ታዲያ ጄሶ አይሻልህም? ኖራ እኮ ይበላል" አለኝ። ሰምቼዋለሁ፤ አልሰማሁም ብል እግዜር ይታዘበኛል። ግን ልቤ የዋጋውን ልዩነት እያሰላ ነበር። ኖራው ረከሰ፤ በመጀመሪያው ሳምንቴ የማዕከሉን ገንዘብ ያዳንኩ መሰለኝና ደረቴ ተነፋ። ሁለት ጆንያ አሸክሜ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ "የጆንያው ሒሳብ ለብቻ ነው" አለኝ፤ ከፈልኩ፤ ከኋላ ወንበር እግሬ ሥር አስቀመጥኩት።

አጠገቤ ከለቅሶ የሚመለሱ እናት ተቀምጠዋል፤ ከሻሻቸው እስከ ጫማቸው ጥቁር በጥቁር። ሚኒባሱ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ዘው ብሎ ሲወጣ የአንዱ ጆንያ ስፌት ተተረተረ። እንደ ጢስ ነው የተነሣው። ሰው ሳለ፤ መስኮት ተከፈተ፤ ረዳቱ "ምን ጭነህብን ነው?" ብሎ ጮኸ። ዞር ስል እኚያ እናት ከወገባቸው በታች ነጭ ሆነዋል። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ዓይናቸው ውስጥ እንዳልገባ እያየሁ፣ በመሐረቤ እያራገፍኩ፣ ባራገፍኩት ቁጥር እያባባስኩት "ይቅርታ እናቴ፣ ይቅርታ" ስል እጄን ያዙኝ። ቀሚሳቸውን አዩት። "ይሁን ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፤ "ጥቁሬን እንዲህ ያንጣልኝ።" ሚኒባሱ በሙሉ "አሜን" አለ። ረዳቱም አለ። እስክወርድ ድረስ እጄን አልለቀቁትም፤ እኔም አውራ ጣቴ ሲያሳክከኝ ኀዘኑ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ሲባጎ፣ ችካልና 50 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር ይዤ ገባሁ። ከሁሉም በላይ ግን በፕላስቲክ ያስለበጥኩት ንድፍ ነበረኝ፤ የሕጉ ልክ ሁሉ የሰፈረበት። የማዕዘን መምቻው ቅስት 1 ሜትር፣ የመሐል ክቡ ከመሐል እስከ ዳር 9.15፣ የፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ 11፣ ሳጥኑ 16.5፣ የመስመሩ ውፍረት ቢበዛ 12 ሴንቲ ሜትር። ጋሼ ቁርሳቸውን ጨርሰው መጡ።

"ማናጀር፣ ሲባጎውን ይዤ ልርዳዎት? ማዕዘኑን አብረን እናውጣው።"

"አይ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይረፉ፤ ልኩ ሁሉ እዚህ አለ" አልኳቸው ንድፉን እያሳየሁ።

ንድፉን አዩት። ግንቡን አዩት። ግንቡን ደግመው አዩት። "እሺ" ብለው ሄዱ። ንቄያቸው አልነበረም። ያን ሜዳ ከራሴ እጅ እንዲወጣ ፈልጌ ነው፤ ሰው የመጀመሪያ ልጁን ራሱ ማጠብ እንደሚፈልገው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ቁመቱን ከምሥራቁ ግንብ እኩል እየራቅሁ አሰመርኩ። ወርዱን ደግሞ ከደቡቡ ግንብ እኩል እየራቅሁ። ግንብ ቀጥ ያለ ነገር ነዋ! የአዲስ አበባ ግቢ አራት ማዕዘኑ የሚስተካከለው ካርታ ላይ መሆኑን፣ የእኛ የደቡቡ ግንብ የተሠራው የድሮ የእግር መንገድ ተከትሎ መሆኑን ማን ይንገረኝ? የሚነግሩኝን ሰውማ ይረፉ ብዬ ልኬያቸዋለሁ። ሜዳችን 90 በ45 ሜትር ነው፤ ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻው ትንሽ ልክ። ከዚያ ላይ ሳጥኑ ወርዱ 40.32 ሜትር ስለሆነ በግራና በቀኝ የሚተርፈው ከሁለት ሜትር ትንሽ ነው የሚበልጠው፤ ሳጥኑ ሜዳውን ሊውጠው ይደርሳል። መስመሩ ሁሉ ሲደመር ከ600 ሜትር በላይ ይሄዳል። ያን ሁሉ ጎንበስ ብዬ፣ ያለ ጓንት፣ ኖራውን በእጄ እየዘገንኩ በጣሳ እያፈሰስኩ አሰመርኩት። ተንቀሳቃሾቹን የብረት ጎሎች ጎትቼ መስመራቸው ላይ አቆምኳቸው። ጀንበር ስትጠልቅ ቆሜ ሳየው እንባዬ መጣ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ልኩን የጠበቀ ሜዳ።

ማታ እጄን ልታጠብ ስል ነው ጉዱ የመጣው። ላብ ያራሰው ኖራ ጣቶቼን በልቶ ጫፋቸው እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል። እናቴ አንድ ጀሪካን ውሃ እስኪያልቅ ስታፈስልኝ ቆየች። ቅባት ቀባችኝ። "መምህርነቱ ምን አለህ?" አለች እንደገና፤ አሁን ግን ድምጿ ለስልሶ።

እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ሞልቷል። ታዳጊዎቹ ታኬታቸውን እያሠሩ፣ የጤና ቡድኑ ሰዎች ጉልበታቸውን በፋሻ እየጠመጠሙ። የመረብ ኳስ ሴቶቹም ኳሳቸውን ይዘው ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል፤ የዓርቡ ሰዓታቸው ስለጠፋባቸው፣ እሑድ ኮንክሪቱ ባዶ ከሆነ ብለው ነው። ዳኛው ደረሰ። ማዕዘን ላይ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መስመሩን አየ። ወደ ሌላው ማዕዘን ሄደና እንደገና ጨፍኖ አየ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ምንም አላለም። የተናገሩት ከሰማይ ነው፤ ግቢው አጠገብ ካለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳቸው ላይ ቡና የሚቆሉ እናት።

"አንተ ልጅ! ሜዳው ጎብጧል እኮ!"

ሰው ሁሉ ቀና አለ። "በሜትር ነው የለካሁት እናቴ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ሜትሩን አላውቅም፤ ዓይን አለኝ! ና ውጣና እይ!"

ወጣሁ። አራት ፎቅ፣ ከኋላዬ አሥራ ምናምን ሕጻን አስከትዬ። በረንዳው ላይ ደርሼ ወደ ታች ስመለከት፣ በጣት ገፍተው ያንጋደዱት የክብሪት ቀፎ አያችሁ? ልክ እንደዚያ ነው። ልኩ ሁሉ ትክክል፤ ቅርጹ ግን አንድ ወገን ተገፍቶ ሄዷል። ሰባት ዓመት የኳስ ሜዳ ልክ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ ሰው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሕጻናቱ "ሰያፍ! ሰያፍ!" እያሉ መጨፈር ጀመሩ። ደረጃውን ልወርድ ስዞር እኚያ እናት ረከቦታቸው አጠገብ በርጩማ አስጠግተውልኛል።

"አቦል ሳትቀምስ አትወርድም።"

"እናቴ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው..."

"ሰው ቤት ደርሰህ ቡና ረግጠህ ትሄዳለህ?"

ምን ልበል? ተቀመጥኩ። በረንዳው ግድግዳ የለውም፤ ዘንግ ብቻ ነው፤ ከታች ሆኖ የሚያይ ሁሉ ያየኛል። ሁለት ጤና ቡድን፣ አንድ ዳኛ፣ ሁለት የታዳጊ ቡድን፣ የቀጠሩኝ ሦስት ሰዎች፣ ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው ሥራ አስኪያጁ ቡና ሲጠጣ ያያሉ። ቡናው ይፋጃል፤ የተላጠው ጣቴ ሲኒውን መያዝ አልቻለም፤ በሁለት መዳፌ አቅፌ እፍ እፍ እላለሁ። ከታች አንዱ የጤና ቡድን ሰው "ስኳር ጨምርበት!" አለ። እኚያ እናት እጄን ሲያዩ ሲኒውን ተቀበሉኝና ራሳቸው አበረዱልኝ። እንደ ሕጻን። ያም ከታች ታየ።

ወርጄ ስደርስ ጋሼ ሜዳው መሐል ተንበርክከው መስመሩን በጣታቸው ነክተው ያሸታሉ። ቀና ብለው እጄን አዩ።

"ይሄ ኖራ ነው?"

"ኖራ ነው ጋሼ።"

"ስቶር ውስጥ ካምና የተረፈ ሦስት ከረጢት ጄሶ አለ እኮ! ከዚያ የወሰድከው መስሎኝ!" ከዚያ ድምጻቸው ተለወጠ። "ልጆቹን ከሜዳ አስወጣ። ቶሎ! አንድ ሕጻን እዚህ ላይ በዓይኑ ቢወድቅስ?"

አስተዋላችሁ? አንቱታው ጠፋ። እኔም ያኔ ልብ አላልኩትም፤ እየሮጥኩ ልጆቹን ወደ ኮንክሪቱ እነዳ ነበር። ሆዴ ቀዘቀዘ። ሜዳው ባይጣመም ኖሮ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ፣ እነዚያ ልጆች ኖራው ላይ እየተንከባለሉ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብዬ መርካቶ ድረስ ሄጄ ያመጣሁት ነገር የሰው ልጅ ዓይን ያጠፋ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ሲኒ ከእጄ ይወድቃል።

አካፋ፣ መጥረጊያና ባዶ ጆንያ ተገኘ። የጤና ቡድኑ ሰዎች "እኛም ማሟሟቅ እንፈልጋለን" ብለው ገቡበት፤ ጋሼ ሁሉንም ጓንት ወይም ፌስታል አስጠለቁ። ላዩን አፈር ከነኖራው እየጠረግን በጆንያ አወጣነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል፤ እኔ አፍስሼ ሠላሳ ሰው ለቀመልኝ። ከዚያ ጋሼ የሲባጎውን አንድ ጫፍ ወረወሩልኝ።

"ያዝ ልጄ። ጥብቅ አርገህ ያዝ።"

የምሥራቁን መስመር እንዳለ ተዉት። ከማዕዘኑ ችካል 6 ሜትር በመስመሩ ላይ ለክተው ሌላ ችካል ተከሉ። ከዚያው ማዕዘን 8 ሜትር ሲባጎ ወደ ጎን ወሰዱ። ከስድስቱ ችካል ደግሞ 10 ሜትር። ሁለቱ ሲባጎዎች ጫፍ ለጫፍ የሚገናኙበትን ቦታ እየገፉ፣ እየሳቡ ፈለጉና "እዚህ ትከል" አሉኝ። ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ ወጣ። 3፣ 4፣ 5ን እጥፍ አድርገው መሆኑ ነው። ይህን ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ተፈትኜበታለሁ፤ ዘጠና ምናምንም አምጥቼበታለሁ። ሜዳ ላይ ግን ትዝ አላለኝም። ጋሼ "ስኳድራ ማውጣት" ነው የሚሉት፤ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አለቃቸው ግንብ እያስፈረሰ ነው ያስተማራቸው። አራቱም ማዕዘን ካለቀ በኋላ ሲባጎውን ከማዕዘን ማዕዘን ሰያፍ ወጠሩና ቋጠሮ አሠሩበት። ወደ ሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖች ወስደው ሲወጥሩት ቋጠሮው እላዩ ላይ አረፈ። ቁጥር አልጠሩም፤ አላስፈለጋቸውም። በኋላ የእኔን የቅዳሜ ችካሎች በሜትር ለካሁ፤ አንደኛው ሰያፍ 97 ሜትር፣ ሌላኛው 104 ሆኖ አገኘሁት።

ጄሶው ከስቶር ወጣ። ጎሎቹንም እንደኔ አቁመው አልተዉአቸውም፤ አሸዋ የሞላ ጆንያ ከኋላ ጭነው በችካል አሰሯቸው። "ያልታሠረ ጎል ልጅ ላይ ይወድቃል" አሉኝ፤ ይህም እውነት ነው፤ በዓለም ላይ በወደቀ ጎል የሞቱ ሕጻናት አሉ። በዚያች ጠዋት ከአንድ ሽማግሌ የሰማሁትን ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ምን ሲያደርግ ቆየ መሰላችሁ? ኮንክሪቱ ዳር ተቀምጦ የሴቶቹን መረብ ኳስ ሲያይ ነዋ። ባዶ መሆኑን ሲያዩ መረባቸውን ወጥረው ጀመሩ። በመጀመሪያ ሰው በስልኩ ነበር። ከዚያ አንዷ ረዥም ልጅ ዘላ አንድ ኳስ አወረደች፤ ድምጹ እኛ ዘንድ ሜዳው ላይ ተሰማ። ቀና ስል ሕጻናቱ በሁለት ተከፍለው እየጮኹ ነው፤ የጤና ቡድኑ ግብ ጠባቂ ነጥብ ይቆጥራል። ያ ቡድን ለስንት ጊዜ በእርሳስ እየተጻፈ ሲጠፋ እንደኖረ የሚያውቅ ከዚያ ሰው ውስጥ ማን አለ?

የእኛ ሰፈር 3 ለ 1 ተሸነፈ። ጨዋታው ሲያልቅ እኚያ በሻሽ ያሠሩት እናት ወደ እኔ መጡ። ስለ ሜዳው የምለውን ሌሊቱን ሙሉ እንዳጠና ተማሪ በልቤ ሳዘጋጅ ነበር። አፌን ሳልከፍት እጆቼን ገልብጠው አዩአቸው።

"ሽንት ቤቱን አይቼዋለሁ" አሉኝ። "ንጹሕ ነው።" ሌላ ምንም ሳይሉ ሄዱ።

ሰፈሩ እስከ ዛሬ "ጋሽ ሰያፍ" ነው የሚለኝ፤ ጋሼ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ "ልጄ" ይሉኛል።

ማታ ግቢው ጭር ሲል ቢሮ ገብቼ መዝገቡን ዘረጋሁ። ዓርብ፣ 11 ሰዓት። ያ የሳሳ ቦታ ላይ እንዳይቀደድ ብዬ ከሥሩ ባዶውን መስመር መረጥኩ። እስክሪብቶውን በተላጡት ጣቶቼ መያዝ አልቻልኩም፤ በመሐል ጣቴና በቀለበት ጣቴ መሐል አጣብቄ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ "የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን" ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል የቡድኑ አምበል በሩ ላይ ቆማለች፤ የመረቡን ማስቀመጫ ቁልፍ ልትመልስ ነው የመጣችው።

"ምንድን ነው?" አለች።

መዝገቡን ወደ እሷ አዞርኩት። አጎንብሳ አነበበችው። አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ጽሑፉን ፈተገችው፤ ጣቷን አየች፤ እንደገና ፈተገችው። ትንሽ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

"ዓርብ 11 ሰዓት" አለች፤ ቁልፉንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።